ቆሼ ሳይደርስ የቀረው

አዲስ አበባ፣ አብነት ሰፈር ለስላሳ እንዲገዛ የተላከ ልጅ ባዶ እጁን ከሄደ ባለሱቁ ምን እንደሚለው አስቀድሞ ያውቃል። «ጠርሙስ ይዘሃል?» ካልያዘ ወይ እዚያው ደጃፉ ላይ ቆሞ ይጠጣል፣ ወይ የጠርሙሱን ማስያዣ ከፍሎ ይሄዳል፤ ብሩ የሚመለስለት ጠርሙሱ ሲመለስ ነው። ባለሱቁ ጨክኖ አይደለም። ሳጥኑን አጉድሎ ካስረከበ የጎደለው ከእሱ ኪስ ይወጣል፤ አከፋፋዩም በፋብሪካው ዘንድ ዕጣው ያው ነው። እንዲህ እየተጠባበቁ አንዱን ጠርሙስ ደጋግመው ያጥቡታል፣ ይሞሉታል፣ ይመልሱታል። ወገቡ ላይ በመፋተግ የወጣው ነጭ ቀለበት ስንቴ እንደተመላለሰ ይመሰክራል።

ፋብሪካውም ሩቅ አልነበረም። በዙሪያው ያለው ሰፈር ስሙን ከለስላሳ መጠጥ ፋብሪካው ወረሰ፣ የቀላል ባቡሩ ጣቢያ ደግሞ ከሰፈሩ ተቀበለ፤ ከጦር ኃይሎች ወደ ሜክሲኮ የሚጓዝ ሰው ልደታ ከመድረሱ በፊት «ኮካ ኮላ» በተባለ ጣቢያ ያልፋል። በልደታ ክፍለ ከተማ ለቆሻሻ ቅነሳ ዋንጫ ይሰጥ ቢባል የጠርሙስ ማስያዣን የሚቀድም ተወዳዳሪ መፈለግ ያደክማል። ጠርሙሱ ቆሻሻ ሆኖ አያውቅምና።

ስለ እውቅና ሲወራ ግን ይህ ሱቅ ለማንም ትዝ አይለውም። የእኛ አገር እውቅና መልኩ ሌላ ነው። የቅዳሜ ማለዳ ዘመቻ አለ፤ አንድ ዓይነት ቲሸርት፣ አዲስ መጥረጊያ፣ ባነር፣ ካሜራ። ከዚያ አዳራሽ ይገባና የምስክር ወረቀትና ዋንጫ ይታደላል። ሞዴል ብሎክ፣ ሞዴል ወረዳ፣ ሞዴል ማኅበር። ነገሩ የሚናቅ አይደለም። በዝናብና በፀሐይ የሰው ቆሻሻ ስትጎትት የምትውል ሴት አንድ ቀን ስሟ ተጠርቶ ሲጨበጨብላት ለእሷ ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ የሚሸለመው ነገር ምን እንደሆነ ሳይለካ መሸለሙ ላይ ነው። አስፋልቱ ጸድቷል ማለት ቆሻሻው ቀንሷል ማለት አይደለም፤ ቶሎ ተነሥቶ ሄዷል ማለት ነው።

የት ሄደ? ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ መልሱ አንድ ነበር፤ ቆሼ።

ረጲ አጠገብ ያለው ይህ ሥፍራ ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የአዲስ አበባን ቆሻሻ ተቀብሏል። ሲጀመር የከተማ ዳር ነበር፤ ከተማዋ አድጋ ከበበችው። 36 ሄክታር ያህል መሬት ላይ የተቆለለው ክምር እየሞላ ሲሄድ፣ በ2008 ዓ.ም. ሰንዳፋ ላይ አዲስ የማስወገጃ ሥፍራ ተከፈተ። የአካባቢው ገበሬዎች በመጥፎ ጠረኑና በውኃቸው መበከል ተቆጥተው ተቃወሙ፤ በወራት ውስጥ ተዘጋ፣ መኪኖቹም ወደ ቆሼ ተመለሱ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ ክምሩ ተናደ። ከሥሩ ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩ ከ110 በላይ ሰዎች አለቁ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። አገሪቱ የሦስት ቀን ብሔራዊ ኀዘን አወጀች። ከሞቱት መካከል ከክምሩ ላይ ፕላስቲክና ብረት እየለቀሙ የሚያድሩ ነበሩ። ከተማዋ ሳትለይ የጣለችውን የሚለዩላት እነሱ ነበሩ ማለት ነው።

ስለዚህ ለከተማዋ ትርጉም ያለው ቁጥር አንድ ነው። ቆሼ ሳይደርስ የቀረው ስንት ኪሎ ነው? ይህን ቁጥር በሽልማት አዳራሽ የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም፤ አሠራሩም እንዳይጠየቅ ሆኖ ተሠርቷል።

አሠራሩን እንየው። በየሰፈሩ የተደራጁ የደረቅ ቆሻሻ ሰብሳቢ ማኅበራት አሉ። ከየቤቱ በማዳበሪያ ይሰበስባሉ፣ በጋሪ ገፍተው ገንዳው ወዳለበት ያደርሳሉ። ለዓመታት ክፍያቸው የሚሰላው ባስረከቡት መጠን ነበር፤ በሜትር ኪዩብ። ነዋሪው ደግሞ የጽዳት ክፍያውን የሚከፍለው ከውኃ ሒሳቡ ጋር ነው፤ ለረጅም ጊዜ የሠራው ስሌት ለመኖሪያ ቤት የውኃ ሒሳቡን 20 በመቶ፣ ለንግድ ድርጅት 42.5 በመቶ የሚያስከፍል ነበር። ገንዘቡ ያለ ብዙ ጣጣ ስለሚሰበሰብ ብልህ ዘዴ ነው። ውጤቱን ግን ልብ ይሏል። በልደታ ኮንዶሚኒየም የምትኖር አንዲት እናት ፌስታል አልቀበልም ብትል፣ የተረፈ እንጀራ ድርቆሽ ብታደርግ፣ ጋዜጣና ጠርሙስ ለይታ ብታስቀምጥ፣ በሳምንት አንድ ማዳበሪያ እንኳ ባትሞላ የምትከፍለው አምስት ማዳበሪያ ከሚያወጣው ጎረቤቷ እኩል ነበር። ልብስ አብዝታ ካጠበች እንዲያውም ትበልጥ ነበር።

ሰብሳቢውም ዘንድ ነገሩ እንደዚያው ነበር። ብዙ ቆሻሻ ብዙ ሜትር ኪዩብ ነበር። ያልተጨፈለቀ የፕላስቲክ ጠርሙስ አብዛኛው አየር ቢሆንም ገንዳ ይሞላል፤ በሜትር ኪዩብ ሒሳብ አየርም ይከፈልበት ነበር። ማኅበራቱ ለጎን ገቢያቸው ሃይላንዱንና ካርቶኑን እየለዩ ይሸጣሉ፤ ይህን የሚያደርጉት ግን ክፍያው ሳያግዛቸው ነው። ቆሻሻ የሚቀንስ ማኅበር ገቢውን የሚቀንስ ከሆነ፣ በዓመት አንዴ የሚሰጠው የምስክር ወረቀት ምን ያህል ሊያበረታታው ይችላል?

በነገራችን ላይ ማዳበሪያ የሚለው ቃል ራሱ ይገርማል። ከረጢቱን እንዲህ ያልነው የገበሬው ማዳበሪያ ስለሚመጣበት ነው። ዛሬ አዲስ አበቤ በዚያው ከረጢት ውስጥ ከሚጥለው፣ በጥናቶች ተደጋግሞ እንደሚጠቀሰው፣ 60 በመቶ ያህሉ የሚበሰብስ ነው፤ የድንችና የሽንኩርት ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የጫት ገረባ፣ የቄጠማ ጥራጊ። በአግባቡ ቢያዝ ስሙን መልሶ ያገኝ ነበር። በእነዚያው ጥናቶች ወደ ብስባሽ የሚለወጠው 5 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ በሌላ መልክ ተመልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውም ሌላ 5 በመቶ።

ይህ ሁለተኛው 5 በመቶ የማን ሥራ ነው? እዚህ ላይ ዝቅ ብሎ ማዳመጥ ያስፈልጋል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ በጌጃ ሰፈር ወይም በሞላ ማሩ ጉራንጉር ሁለት ድምፅ ይሰማል። አንዱ «ቆራሌው!» ይላል፤ «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው ያጠረ ነው ይባላል። ሌላው «ልዋጭ!» ይላል። ቆራሌው አሮጌ ብረት፣ የተበሳ ድስት፣ ባዶ ጀሪካን፣ የተሰበረ አልጋ በእጅ በእጅ ይገዛል። ልዋጭ ደግሞ አሮጌ ልብስና ጫማ ተቀብሎ ሳፋ፣ ጆግ ወይም ብርጭቆ ይሰጣል። ሁለቱም በጀርባቸው ተሸክመው የሚሄዱት በአብዛኛው ወደ መርካቶ ነው። ምናለሽ ተራ ሲደርስ በርሜሉ ምድጃ ይሆናል፣ የቲማቲም ቆርቆሮው ኩራዝ ወይም ጣሳ፣ የመኪናው ጎማ በረባሶ። ልደታ ፈርሶ እንደገና ሲሠራ ከአሮጌዎቹ ቤቶች የወጣው ቆርቆሮና ጣውላ፣ በርና መስኮት ባክኖ አልቀረም፤ ዛሬም ቤት ሲፈርስ ገዢው ከባለቤቱ ቀድሞ ይደርሳል።

ሕጉን ከዚህ ጋር ማስተያየት ደስ ይላል። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 እያንዳንዱ አባወራና እማወራ መልሶ ጥቅም ላይ ሊውል የሚችለውን ቆሻሻ እንዲለይ ያዛል። ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያነሰ ፌስታልንም ይከለክላል። ፌስታሉ ከዚያ በኋላም ዓመታት ሙሉ በየሱቁ ተንጠልጥሎ፣ በየቦዩ ተወትፎ፣ በትንሹ አቃቂ ተንሳፍፎ አባ ሳሙኤል ድረስ ሲወርድ ኖሯል። መለየቱን በተመለከተ ግን አዋጁ ከመውጣቱ አሥርት ዓመታት በፊት ጀምሮ ያስፈጸመው ቆራሌው ነው። ከጠቅላላው ሰንሰለት ውስጥ ለለየ ቤተሰብ ብር ቆጥሮ በእጁ የሚሰጠው እሱ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ወይ ይመክራል፣ ወይ ይቀጣል።

ቅጣቱስ ጠንክሯል። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዲስ አዋጅ ፌስታልን ጨርሶ አግዷል፤ ሲጠቀም የተገኘ ግለሰብም ከ2,000 እስከ 5,000 ብር እንደሚቀጣ ደንግጓል። ዘንቢል ወደ ክብሯ ልትመለስ ነው። እዚህ ላይ የሚታየው አለመመጣጠን ቀላል አይደለም፤ ያጠፋው በብር ይቀጣል፣ ያለማው በወረቀት ይመሰገናል።

ወረቀት ብቻ ያልሆነ እውቅና ምን እንደሚያደርግ ከልደታ ብዙ ሳይርቅ፣ ከቆሼ በቅርብ ርቀት ዘነበወርቅ ታይቷል። ቤተልሔም ጥላሁን ተወልዳ ባደገችበት በዚያ ሰፈር በ2004 እ.ኤ.አ. ሶልሬብልስን ስትመሠርት የተነሣችው ሁሉም ከሚያውቀው በረባሶ ነው። አሮጌ ጎማ ሶል ሆነ፣ በእጅ የተፈተለ ጥጥ ላዩን ሸፈነ። ጫማው በውጭ አገር ገበያ ሲሸጥ የዓለም የኢኮኖሚ ፎረም በ2011 እ.ኤ.አ. ከወጣት ዓለም አቀፍ መሪዎች ተርታ አሰለፋት። ልብ መባል ያለበት ግን ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ የመጣው ገዢው ነው፤ ዋንጫው ተከትሎ መጣ። ጎማ ቆርጦ በረባሶ የሚሰፋው የምናለሽ ተራው ባለሙያ ሥራው በመሠረቱ የተለየ አይደለም፤ የተለየው ያገኘው ገበያ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ኩቢክ የተባለው ኩባንያ አስቸጋሪውን የፕላስቲክ ቆሻሻ እያቀለጠ የግንባታ ብሎኬት ማምረት ጀምሯል። እሱም የሚኖረው የለየና የሰበሰበ ሰው እስካለ ድረስ ነው።

ትልልቆቹ ኩባንያዎችስ? ለጥያቄው መልስ ወደ ጠርሙሱ ሱቅ መመለስ ግድ ነው። ኮካ ኮላ በ2018 እ.ኤ.አ. ለሚሸጠው እያንዳንዱ ጠርሙስና ጣሳ አንድ እኩያውን እስከ 2030 ለመሰብሰብ በዓለም ደረጃ ቃል ገባ። በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከምርቱ ቢያንስ ሩቡን ተመላላሽ በሆነ ዕቃ እሸጣለሁ አለ። ሁለቱም ቃሎች ብዙ ተጨበጨበላቸው። በታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. ኩባንያው ዕቅዱን ሲከልስ የመሰብሰቡ ግብ ከ70 እስከ 75 በመቶ ሆነ፣ ጊዜውም ወደ 2035 ተገፋ፤ የተመላላሽ ዕቃው ግብ ከዝርዝሩ ወጣ። በኩባንያው መቀመጫ አትላንታ የተተወው ነገር አብነት ላይ በማስያዣ ይሠራ ነበር፣ አሁንም ይሠራል። ግን እዚህም ቢሆን ፕላስቲኩ እየገፋው ነው። ሃይላንድ የሚለው የአንድ ውኃ ስም የፕላስቲክ ጠርሙስ ሁሉ መጠሪያ እስኪሆን ድረስ ከተማውንም ገጠሩንም ወርሷል፤ ማስያዣም የለው፣ ማንም «ይዘሃል?» ብሎ አይጠይቅበት። ባዶው ሃይላንድ ዘይት፣ ማር፣ አረቄ እየተቀዳበት ሁለተኛና ሦስተኛ ዕድሜ ባያገኝ ኖሮ ቦዮቹ ይበልጥ በተደፈኑ ነበር።

ሽልማት ቀድሞ ሲመጣ ምን እንደሚሆን ደግሞ ያው የባቡር ሐዲድ ያስተምራል። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሥራ በጀመረ በዓመቱ፣ በ2016 እ.ኤ.አ.፣ ሲ 40 የተባለው የታላላቅ ከተሞች ጥምረት በትራንስፖርት ዘርፍ ሸለመው። ከዚያ ወዲህ መለዋወጫ ጠፍቶ ከ41 ባቡሮች ብዙዎቹ ቆመው ከረሙ። ሽልማቱ ሐሰት አልነበረም፤ የተሸለመው ግን ገና ያልተለካ ነገር ነበር።

የረጲው የኃይል ማመንጫም በዚሁ ዓይን መታየት አለበት። ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ሲመረቅ በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጭ ተነግሮለት፣ በአፍሪካ የመጀመሪያው ተብሎ ተወድሶ ነበር። ቆሻሻን ከክምሩ መቀነሱ ጥቅም ነው። ነገር ግን ማቃጠያ የሚወደው ደረቁን፣ ማለትም ካርቶንና ፕላስቲኩን ነው፤ ቆራሌውና ማኅበራቱ የሚኖሩበትን። እርጥቡ 60 በመቶ ደግሞ ለእሳት ሸክም ነው። እሳቱና ቆራሌው በአንድ ሃይላንድ የሚሻሙ ከሆነ ለየትኛው ቅድሚያ እንደሚሰጥ ከወዲሁ መወሰን ያሻል። ቆሻሻን በእሳት መገላገል ለአዲስ አበባ አዲስ አይደለም። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሕዝቡን ከፈጀ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር 12 ሰፈሩ ጥራጊውን ሰብስቦ ያጥናል። የያኔው ጥራጊ ገለባና ቅጠል ነበር፤ የዛሬው ፌስታል ነው፣ ጭሱም በሽታ የሚያመጣ እንጂ የሚያባርር አይደለም።

ሌላ አገር ይህን ቋጠሮ እንዴት ፈታው ቢባል የቦጎታ ታሪክ ይጠቀሳል። በኮሎምቢያ ዋና ከተማ ከቆሻሻ ላይ ለቅመው የሚኖሩ ሰዎች ተደራጅተው ፍርድ ቤት ድረስ ተከራከሩ፤ በ2013 እ.ኤ.አ. ከተማዋ ሰብስበው ላስረከቡት ለእያንዳንዱ ኪሎ እንደ አገልግሎት ሰጪ ትከፍላቸው ጀመር። በዚያው ዓመት መሪያቸው ኖራ ፓዲያ፣ ራሷ ከልጅነቷ ለቃሚ የነበረች ሴት፣ የጎልድማን የአካባቢ ጥበቃ ሽልማትን ተቀበለች። እዚያ ሽልማቱና ክፍያው ተደጋገፉ፤ አንዱ የሌላው ምትክ አልሆነም።

ለልደታ የሚሆነው ከዚህ ብዙ አይርቅም። ክፍለ ከተማው ትንሽ ነው፣ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ የሚያወጣውም ቆሻሻ በዓይነቱ ይታወቃል። ፍርድ ቤቶቹና በዙሪያቸው ያሉት የማመልከቻ ጸሐፊዎችና የፎቶ ኮፒ ቤቶች ወረቀት ያወጣሉ፤ የሜክሲኮና የሰንጋ ተራ ምግብ ቤቶች ልጣጭና ትራፊ፤ ኮንዶሚኒየሙ ሁሉንም። ወረቀቱ ገዢ አለው፤ ገዢ ባይኖረው እንኳ የቆሎ ነጋዴዋ ትጠቀልልበታለች። ልጣጩ ግን እስካሁን ባለቤት የለውም፤ ትልቁ ሥራ እዚያ ነው። ከየገንዳው አጠገብ አንድ ሚዛን ቢቆም፣ ማኅበሩ ከገንዳው አስቀርቶ ለገዢ ወይም ለብስባሽ ያስረከበው በኪሎ ቢመዘገብ፣ ለዚያም ኪሎ ገንዳ ውስጥ ለገባው ከሚከፈለው የማያንስ ክፍያ ቢታሰብ፣ ዋንጫው ማን ቤት መግባት እንዳለበት ኮሚቴ ሳይሰበሰብ ይታወቃል። ቆራሌውንም ደንብ አስከባሪ ከሚያሯሩጠው መታወቂያና ማረፊያ ቦታ ቢሰጠው፣ ምናልባት በተሸላሚዎቹ ሰልፍ ፊት የሚገኘው እሱ ይሆናል።

አንባቢ እስከዚያው የማኅበሩ ሴቶች በር ሲያንኳኩ ሁለት ማዳበሪያ ያውጣላቸው፤ በአንዱ ደረቁን፣ በሌላው እርጥቡን። በሚቀጥለው የእውቅና መርሐ ግብር ላይ ከተጋበዘ ደግሞ፣ ዋንጫው ከጠረጴዛው ከመነሣቱ በፊት እጁን አውጥቶ ቆሼ ሳይደርስ የቀረው ስንት ኪሎ እንደሆነ ይጠይቅ።